የአሰልጣኙ አወዳደቅ

አሰልጣኙ በግንቡ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ሄልሜቱ ከራሱ፣ ጓንቱም ከእጁ አልወለቀም። ሞተር ሳይክሉ ደረቱን አቋርጦ ተጋድሞበታል። ዕድሜውን ሙሉ ሲሸከመው የኖረው ዕቃ በመጨረሻው ቀን «በተራህ ተሸከመኝ» ያለው ይመስል ነበር።

ግንብ ይሉታል እንጂ ግንብ አይደለም። ድንጋይ ይወጣበት በነበረ አሮጌ ካባ ውስጥ ማሽን ቆርጦ የተወው፣ ቁመቱ ከሁለት ሰው የሚበልጥ፣ ቀጥ ያለ ዓለት ነው። ሥራው ከቆመ ወዲህ ካባው የአሰልጣኙ ቤተሰብ መለማመጃ ሆኗል። የሚለማመዱት ውድድር ፍጥነት አይጠይቅም። ጋላቢው መቀመጫ በሌለው ቀላል ሞተር ሳይክል ላይ ቆሞ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል፤ እግሩ መሬት ከነካ ነጥብ ይቀነስበታል። ነገሩ ሁሉ ሚዛን ነው። ሚዛኑን ደግሞ ከጎማዎቹ በላይ ያሉት ሞላዎች ይሰጡታል፣ ወይም ይነሱታል።

መርማሪዋ ከአስከሬኑ ራስጌ ቁጢጥ ብላ ቆየች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። የሟቹን መዳፎች ገልብጣ አየች። ጓንቱ ጭቃ ነክቶታል፣ ጭረት ግን የለበትም። ኪሶቹን ፈተሸች፤ መሐረብና ስልክ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ተነስታ ሞተር ሳይክሉን ዞረችው። የፊት ፓራፋንጎው ተሰንጥቋል፣ የፊት ቸርኬው ጎድጉዷል፣ መሪው ተጣሟል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከጎማው እስከ መሪው ጭቃ ለብሷል።

ሐኪሙ የሰውዬው አንገት እንደተሰበረና በወደቀበት ቅጽበት እንደሞተ ነገራት። ሳጅኑ በበኩሉ ምርመራው ማለቁን ነገራት።

«የመካኒክ ጥፋት ነው» አለ። «ሞተሩን ያስተካከለችው የገዛ ልጁ ናት። የሟቹ ወንድም አሳይቶኛል። ክሱን ማዘጋጀት ብቻ ነው የቀረን።»

«ሞተሩን የነካው አለ?»

«ማንም የለም። ወንድምየውም በጣቱ እያመለከተ ነው ያሳየኝ። ፎቶ አንስተን እስክንጨርስ እኔ ራሴ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።»

ራቅ ብለው አራት ሰዎች ቆመዋል፦ የአሰልጣኙ ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ወንድ ልጁና ሴት ልጁ። እርስ በርሳቸውም ተራርቀዋል፤ በማንኛቸውም መካከል ሞተር ሳይክል ሳይነካካ ያልፋል። የሚናገረው ወንድምየው፣ የልጆቹ አጎት፣ ብቻ ነበር። ለልጅቷ እየተናገረ ወደ ልጅቷ አያይም።

«እጅሽን ይቁረጠው» ይላል ደጋግሞ። «ይቁረጠው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?»

ልጅቷ እጆቿን ታያቸው ነበር።

መርማሪዋ ከሚስትየዋ ጀመረች። ለልጆቹ እንጀራ እናት ናት። ሳሎን ውስጥ ጀርባዋን ሳታስደግፍ ተቀምጣ፣ የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች። ስልክ ከሱቅ ተደውሎ ባሏን ልትጠራው ወደ ካባው እንደሄደች፣ እዚያም ሞቶ እንዳገኘችው ተናገረች።

«ሞተሩን ከላዩ ላይ ለማንሳት አልሞከሩም?»

«አልሞከርኩም። የነካሁት እንደሆነ እነዚህ ልጆች ‹ገደለችው› እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እጄን አጣምሬ ፖሊስ እስኪመጣ ቆምኩ።»

«ነፍሱ ባትወጣስ ኖሮ?»

«ዓይኑን አይቼዋለሁ» አለች ሴትዮዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ሰለለ፤ ወዲያው አስተካከለችው።

ከዚያ በፊት የሰማችው ነገር ካለ ተጠየቀች። ሞተሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ እንደነበር፣ ከዚያ ዝም እንዳለ፣ ሰዎች የሚነጋገሩ እንደመሰላት፣ ቆይቶም አንድ ከባድ ዕቃ ሲወድቅ እንደሰማች ተናገረች።

«ዕቃው የወደቀው ሞተሩ ዝም ካለ በኋላ ነው?»

«ቆይቶ ነው አልኩ እኮ።»

«ታዲያ ወጥተው አላዩም?»

«እዚህ ቤት ዕቃ በወደቀ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው ዕድሜ አይኖረውም» አለች ሚስትየዋ።

አጎትየው ግቢው ውስጥ እያነከሰ ይንጎራደድ ነበር። ድሮ ራሱ ጋላቢ ነበረ። ወንድሙ አሰልጣኝ ከመሆኑ በፊት የራሱ ጉልበት ተሰብሮ ብረት ስለገባበት ግልቢያውን ተወ። ካባው ተሽጦ የከባድ መኪና ማቆሚያ እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ ወንድሙ እምቢ ብሎታል። ይህንንም አልደበቀም። ከወንድሙ ጋር ያልተጣላ ሰው ካለ እንድታመጣለት መርማሪዋን ጠየቃት። ጠዋቱን የት ነበሩ ስትለው፣ ብቻውን መጋዘን ውስጥ እንደነበር፣ ካላመነችውም ጆንያዎቹን መጠየቅ እንደምትችል መለሰላት።

«የልጅቷ ጥፋት ምን እንደሆነ ያስረዱኝ» አለችው። «እኔ የሞተር ነገር አላውቅም።»

ይህን ሲሰማ ትንሽ በረደ። ማስረዳት የሚወድ ሰው ነበር።

«የኋላው አሞርዛተር ውስጥ ሞላና ዘይት አለ። ሞላው ሲጫኑት ይዋጣል፣ ሲለቁት የዋጠውን ይተፋል። ቀስ ብሎ እንዲተፋ የሚያደርገው ዘይቱ ነው። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ብሎን የዘይቱ በር ናት። ከጠበቀች ቀስ ይላል። ከተከፈተች ግን የዋጠውን ሁሉ በአንዴ ነው የሚተፋብዎት። ግንቡ ጠርዝ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ከኋላ ተነስቶ ሰውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይወረውራል። እኔ ዛሬ ያየሁት ብሎኑ ጨርሶ ተከፍቶ ነው። ልጅቷ ራሷ የብሎኑን ልክ ለማወቅ የቀባችበት ነጭ ነጥብ አለ፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።»

«ወደ ፊት ይወረውራል አሉኝ?»

«ወደ ፊት ነዋ። ወደየት ሊወረውር ነው?»

መርማሪዋ አመስግናው ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ሄደች።

መፍቻዎቹ በመጠናቸው ተሰልፈው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ወለሉ ላይ አንድ የዘይት ጠብታ የለም። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ደንበኛ የፊት ሹካ ተፈትቶ፣ ረጅሙ ሞላ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። ልጅቷ እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ከፊቱ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ አልነካችውም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አጥባ፣ የኋላውን አሞርዛተር እንዳስተካከለች ተናገረች። አባቷ «ጀርባዬን እየመታኝ ነው» ብሎ ስላማረረ ብሎኑን ማጥበቅ ነበረባት። ከእሱ ጋር ተጨቃጭቀዋል። ሞተሩን በጆሮሽ ስሚው እንጂ በመጽሐፍ አትፍቺው ብሏት ነበር፤ እሷም ሌላ መካኒክ ፈልግ ብላዋለች። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

«አጠበቅሽው ወይስ ከፈትሽው?»

«አጠበቅኩት።» ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ሞላ አየች። «አጠበቅኩት ብዬ ነው የማስበው። ተናድጄ ነበር። አጎቴ ከጠዋት ጀምሮ ‹ከፍተሽዋል› ሲለኝ፣ እጄ ወዴት እንደዞረ ጠፋኝ። ሌሎቹንም የሠራኋቸውን ሁሉ እያሰብኩ ነው። የሰዎቹን ሁሉ ሞተር። ከፍቼው ከሆነ አባዬን ገድዬዋለሁ። እስር ቤቱ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ከእንግዲህ የገዛ እጄን አላምነውም።»

መርማሪዋ አላጽናናቻትም። በምትኩ ሥራውን እንድታሳያት ጠየቀቻት። ልጅቷ አመንትታ፣ እጇን ከብብቷ አውጥታ፣ ጥግ ወደ ቆመው ሌላ ሞተር ወሰደቻት። የፊቱ ሹካ ሁለት እግር አለው፤ ከላይ የሚያብረቀርቀው ቀጭን ቱቦ፣ ከታች ወፍራሙ እግር ውስጥ ገብቶ ይወጣል። በአንደኛው ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል።

«ይሄስ ምን ይሠራል?»

«ሹካው ምን ያህል እንደተዋጠ ይነግረኛል። ሲዋጥ፣ የታችኛው እግር አፍ ላይ ያለው ጎሚኒ ማሰሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሹካው ሲመለስ ማሰሪያው እዚያው ይቀራል። ጋላቢው ሲመጣ አየዋለሁ። ጫፍ ከደረሰ ሞላው ለስልሷል፤ መሃል ከቀረ ደንድኗል።»

«ከዚያ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ።»

«እኔ አልነካውም። የሚያወርደው ጋላቢው ነው። አባዬ ያወጣው ሕግ ነው፤ መካኒክ ያያል፣ ጋላቢ ያወርዳል። ሁላችንም የምንነካው ከሆነ የትኛውን ዝላይ እንዳየሁ በምን አውቃለሁ? ወንድሜ ልጅ ሆኖ ሲረሳ አባዬ ጣቱን በመፍቻ ይመታው ነበር። ወድቆ እየደማ እንኳ ሞተሩን ሲያነሳ መጀመሪያ ማሰሪያውን ማውረድ አለበት።»

«አጎትሽስ?»

«እሱ ሲጋልብ ይሄ ሕግ አልነበረም። ማሰሪያውን እንኳ ልብ የሚለው አይመስለኝም።»

የልጅቷን ወንድም መርማሪዋ ያገኘችው ካባው ውስጥ፣ ከግንቡ ራቅ ብለው በተበተኑት ድንጋዮች ላይ ነው። የአባቱ አስከሬን ከተነሳ ገና ግማሽ ቀን አልሞላም፤ እሱ ግን በራሱ ሞተር ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል። ሰፈሩ ሁሉ «ፌንጣ» ነው የሚለው። እሷን ሲያይ አንድ ከፍተኛ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ በፊት ጎማው መሬት መትቶ ወርዶ አጠገቧ ቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ በአውራ ጣቱ ሹካውን ወደ ታች ዳበስ አደረገ፣ ጓንቱንም አወለቀ።

«ምነው፣ ላልቅስ እንዴ?» አለ ሳትጠይቀው።

ስለ ጠዋቱ ጠየቀችው። ተኝቶ እንደነበር፣ የቀሰቀሰው የእንጀራ እናቱ ጩኸት እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ስለ እህቱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ብዙ ተናገረ። እሷ ቀስ ብላ የምትሠራው ስለምትጠነቀቅ ሳይሆን ስለማታውቅ ነው አለ። አባቱ እሷን ጋራዡ ውስጥ ያስገባት ለቤት ሥራ ስለማትሆን ነው አለ።

«የአባትህን ሞተር ትጋልበው ነበር?»

«ድሮ። ካለፈው ውድድር ወዲህ አጠገቡ አልደረስኩም። እሱ ነው የሚለማመድበት።»

«እጅህ አልነካውም።»

«አልነካውም አልኩ። ጽፈው ይያዙት።»

መርማሪዋ ምንም አልጻፈችም። ወደ ጋራዡ ተመልሳ፣ ሳጅኑ በጥንቃቄ አስገብቶ ያቆመውን የሟቹን ሞተር ብቻዋን አየችው። የኋላው አሞርዛተር ሥር በጭቃ ተለስኗል፤ ነጩ ነጥብ ብቻ ብቅ ብሏል። ብሎኑ ካቻቪቴ የሚገባበት ስንጥቅ አለው። ብልጭ ይላል። በውስጡ አንድ ፍሬ ጭቃ የለም። ከዚያ ወደ ፊት ዞረች። የሚያብረቀርቀው ቱቦ እስከ ላይኛው ጫፉ ድረስ ከጭቃ ተጠርጓል። ማሰሪያው ግን ከታች፣ ጎሚኒው ላይ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። የሳጅኑን ፎቶዎች አስመጣች። በግንቡ ሥር፣ በሰውዬው ደረት ላይ እያለም፣ ማሰሪያው እዚያው ታች ነበረ።

በማግስቱ አራቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየዋ በሩ አጠገብ ወንበር ያዘች። ፌንጣ ጠረጴዛው ላይ ዘሎ ተቀመጠ። አጎትየው ለቀብር መሯሯጥ ሲገባ እዚህ መጎለታቸው ምን ይባላል እያለ ያጉረመርማል። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሳጅኑ የክሱን ወረቀት ይዞ መጥቷል፤ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ከአንድ ፖሊስ ጋር ሆኖ የሟቹን ሞተር ፊት በክብደታቸው ተጭነው ሹካውን እስከ መጨረሻው አስዋጡትና ለቀቁት። ከዚያ ሞተሩን በጎኑ አጋደሙት።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃችሁ» አለች መርማሪዋ። «በየተራ አንሱና አቁሙት። ከዚያ እናገራለሁ።»

«ሰርከስ ነው?» አለ አጎትየው።

«አጎቴ፣ አንተ ጀምር» አለች ልጅቷ በደከመ ድምፅ። «ይለቅ።»

እየተሳደበ አነሳው፣ አቁሞ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። መልሰው አጋደሙት። ሚስትየዋ መሪውን ይዛ ግማሽ ድረስ አንስታ፣ አቅቷት ለቀቀችው። ልጅቷ አነሳችው፤ ስታቆመው ዓይኗ ወደ ማሰሪያው ሄደ፣ ጫፍ እንደደረሰ አየች፣ እጇን ሳታስጠጋ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

ፌንጣ ከጠረጴዛው ዘሎ ወረደ። ጉልበቱን ከሞተሩ ሥር አስገብቶ፣ ልጅ ከመሬት እንደሚያነሱ በአንድ ትንፋሽ አቆመው።

«ይሄ ነው እንግዲህ ምርመራ?» አለ ወደ መርማሪዋ እያየ። ይህን ሲል የግራ አውራ ጣቱ ወርዶ ማሰሪያውን ከጫፍ እስከ ጎሚኒው ሳበው።

መጀመሪያ ያየችው እህቱ ነበረች። ከግድግዳው ላይ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ምንድን ነው?» አለ አጎትየው። «ምን አደረገ?»

«ትናንት ጠዋት ያደረገውን» አለች መርማሪዋ። «ከብሎኑ ልጀምር። ልጅቷ ሞተሩን ያጠበችውና ብሎኑን ያዞረችው ከትናንት በስቲያ ከሰዓት ነው። ዝናቡ የዘነበው ሌሊት ነው። ጭቃው የመጣው ጠዋት፣ አሰልጣኙ ሲጋልብ ነው። በብሎኑ ዙሪያ ያለው ሁሉ በጭቃ ተለስኗል፤ ካቻቪቴው የሚገባበት ስንጥቅ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ብሎኑ የዞረው ከጭቃው በኋላ ነው። ልጅቷ አይደለችም የከፈተችው።»

ልጅቷ ቀና አለች። ጣቶቿንም አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው።

«ራሱ ከፍቶት ይሆናል» አለ ፌንጣ። «ጋላቢ ሲለማመድ ይነካካል።»

«በምን? ኪሱን ፈትሻለሁ፤ ካቻቪቴ አልነበረውም። በዙሪያውም አልተገኘም። ደግሞ ብሎኑ ወደ ፊት ወርውሮት ቢሆን ኖሮ እጁን ያስቀድም ነበር። ጓንቱ ላይ ጭረት የለም። ሰውዬው የወደቀው በጀርባው ነው። በጀርባው የሚወድቅ ሰው ፊቱን ወደ አንድ ነገር አዙሮ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ወይም ወደ አንድ ሰው።» ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «እርስዎ ሞተሩ ዝም ካለ በኋላ ንግግር፣ ከንግግሩ በኋላ ደግሞ አንድ ከባድ ዕቃ ሲወድቅ ሰምተዋል። ተነድቶ የሚወድቅ ሞተር እየጮኸ ነው የሚወድቀው። ይሄ ግን ጠፍቶ ነበር። ሰውዬው ከሞተሩ ወርዶ ግንቡ አናት ላይ ቆሟል፣ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋግሯል፣ ተገፍቶ ወድቋል። ሞተሩ ደግሞ ከእሱ በኋላ ተገፍቶ ወርዷል፣ አደጋ እንዲመስል።»

«ማን ገፋው?» አለ አጎትየው። አሁን ድምፁ ቀንሷል።

«ሞተሩ ግንቡን ሲወርድ በፊት ጎማው ነው ያረፈው። ቸርኬው ጎድጉዷል፣ ፓራፋንጎው ተሰንጥቋል፣ ጎሚኒውም ቱቦው ላይ ያለውን ጭቃ እስከ ጫፍ ጠርጎታል። ሹካው እስከ መጨረሻው ተውጧል። እንግዲያው ይቺ ማሰሪያ ጫፍ ላይ መገኘት ነበረባት። የተገኘችው ግን ታች ነው። አንድ ሰው ከውድቀቱ በኋላ አውርዷታል። ሟቹ አይደለም፤ በወደቀበት ነው የሞተው። ፖሊሶቹ አይደሉም፤ ፎቶው አለ። ሚስቱ አይደሉም፤ እንዳይከሰሱ ፈርተው ባላቸውን እንኳ ያልነኩ ሴት ማሰሪያ አይነኩም። መካኒኳ አትነካውም፣ አጎቷም አያውቀውም፤ አሁን ሁላችሁም አይታችኋል። ይሄ የጋላቢ እጅ ነው። እዚህ ቤት ሁለት ጋላቢ ነበር።»

ፌንጣ እጁን ከሹካው ላይ ገና አላነሳም ነበር። አሁን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ያየ ይመስል።

«ልማድ ነው» አለ። «ሺህ ጊዜ የማደርገው ነገር ነው።»

«አውቃለሁ። ሞተሩን ከመሬት አንስተህ አባትህ ደረት ላይ ስታጋድመውም አድርገኸዋል። ትናንት ግን እጅህ አልነካውም ብለኸኛል።»

ለመሮጥ አልሞከረም። ወደ አጎቱ አየ፣ ወደ እንጀራ እናቱ አየ፣ ከሁለቱም ዓይን ምንም አላገኘም። ከዚያ የተናገረው እየተጣደፈ፣ ለማንም ሳይሆን ለወለሉ ነው። አባቱ ግንቡ አናት ላይ ጠርቶት ከሚመጣው ውድድር ጀምሮ በእሱ ፋንታ ሞተሩን የምትጋልበው እህቱ እንደሆነች ነግሮታል። ለእሷ ገና አልነገራትም ነበር።

«‹አንተ ትዘላለህ፤ እሷ ግን ሞተሩን ትሰማዋለች› አለኝ» አለ። «ደግሞ እየሳቀ። በሁለት እጄ ደረቱን ገፋሁት። እንዲወድቅ አልነበረም። ከኋላው ጠርዙ እንዳለ ረሳሁት።»

«ሞተሩን ወርውረህ፣ ወርደህ፣ ብሎኑን ስትከፍት ግን አልረሳህም» አለች መርማሪዋ። ለሳጅኑ ምልክት ሰጠችው። ሳጅኑ የያዘውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ካቴናውን አወጣ።

ልጅቷ ከወለሉ ተነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ወንድሟን አስቆመችው። አለቀሰች ማለት አይቻልም፤ ፊቷ ደርቆ ነበር።

«ብሎኑን ስትከፍት እኔን እንደሚይዙኝ አስበህ ነው?»

ፌንጣ ትከሻውን ነቀነቀ።

«እኔ ብሎኑን ብቻ ነው የከፈትኩት» አለ። «የቀረውን አጎቴ እንደሚለው አውቅ ነበር።»

ወሰዱት። ሚስትየዋ ወንበሯን ወደ ቦታው መልሳ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወደ ቤት ገባች። አጎትየው ባለበት ቆሞ ቀረ።

ፖሊሶቹ ሞተሩን ለማስረጃ የሚወስድ ፒክአፕ አመጡ። በጎኑ አጋድመው ሊጭኑት ሲሉ ልጅቷ ከለከለቻቸው። ጎሚኒው ተጎድቷል፣ ካጋደማችሁት ዘይቱ መንገድ ላይ ያልቃል አለቻቸው። መርማሪዋ እንዳለችው እንዲያደርጉ አዘዘች። ሞተሩን አቆሙት። ልጅቷ ፒክአፑ ላይ ወጥታ መሪውን በግራና በቀኝ በገመድ ወደ ታች ሳበችው፣ ሞላው ግማሽ እስኪዋጥ አጠበቀችው፣ ቋጠሮውን ጎተት አድርጋ ፈተነችው። ደግማ አልፈተነችውም።

አጎትየው እያነከሰ ወደ ፒክአፑ ተጠጋ።

«ልጄ» አለ። «ገመዱን ልያዝልሽ።»

ልጅቷ የመጨረሻውን ቋጠሮ ጨርሳ፣ ከላይ ሆና አየችው።

«ዞር ይበሉ» አለች። «መኪናው ወደ ኋላ ነው የሚወጣው።»

አጎትየው «ዞር ይበሉ» የተባሉት ሰው ማን እንደሆኑ ለማየት ወደ ኋላው ተመለከተ። ከኋላው ማንም አልነበረም።